ማሽኑ፣ ምድጃውና ዘበኛው

ዘበኛው ቡቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው የቀኙ ሶል ከጣት ማጠፊያው እስከ ጫፉ አፉን ከፍቶ ነበር። ጫማ ፋብሪካው ከሰጠው ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ለሙከራ የተመረጠውም በምክንያት ነው፤ ሌሊት ኮምቦልቻ ግቢ ሲዞር ያድራል፣ ጧት በሐረጎ ዳገት ጭቃ ለጭቃ ወደ ቤቱ ይወጣል።

ሥራ አስኪያጁ ሶሉን ገልጦ እንኳ አላየም።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እሳት ዳር አድርቀውታል?»

«ታዲያ የት ላድርቀው ልጄ? በሐምሌ ፀሐይ?»

በቃ፣ ፍርዱ ተሰጠ። ቆዳው በማሽን 100,000 ጊዜ ታጥፎ አልፏል፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ምድጃው ነው።

ያ ማሽን ግን ጫማ አያጥፍም። 7 በ4.5 ሴንቲ ሜትር የሆነች የቆዳ ቁራጭ በመንጋጋው ይዞ፣ በደቂቃ 100 ጊዜ፣ 22.5 ዲግሪ እየሄደ እየተመለሰ ያጥፋታል። 100,000 ለመሙላት 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለ ቆዳው ብዙ ይናገራል፤ ስለ ማስቲሹ አንዲት ቃል አይወጣውም። ያውም ቁራጯ ደረቅ ነበረች።

የተከፈተ ሶል ምስክሩ ውስጡ ነው። ማስቲሹ ሶሉም ቆዳውም ላይ ተቦጫጭቆ ከቀረ፣ የደከመው ራሱ ማስቲሹ ነው፤ ወይ በደንብ አልደረቀም ወይ ሙቀት አለስልሶታል። የቆዳው ጭረት፣ ማለትም ውስጡ ያለው ቃጫ፣ ተነቅሎ ሶሉ ላይ ከተለጠፈ ማጣበቁ ጥሩ ነበር፣ የተሸነፈው ቆዳው ነው። እዚህ ግን ማስቲሹ በሙሉ ሶሉ ላይ ቀርቶ ቆዳው እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ከመለጠፉ በፊት አልተፋቀም ማለት ነው። ማስቲሹ የያዘው ቀለሙን እንጂ ቆዳውን አልነበረም። እሳት ያልተፋቀ ቆዳ አይፈጥርም።

ፍቂያ አሰልቺ ስለሆነ ነው የሚዘለለው፤ ትእዛዝ ሲበዛ ደግሞ ቀድሞ የሚዘለለው እሱ ነው። ሶሉ የሚያርፍበት መስመር ይሰመራል፣ ቀለሙ ጠፍቶ ጭረቱ እስኪታይ ይፋቃል፣ አቧራው ይጠረጋል። ከመስመሩ ማለፍ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠልቆ መፋቅ ቆዳውን ያሳሳዋል። የመጀመሪያው ማስቲሽ ስስ ሆኖ ይጠጣ፣ ይድረቅ፤ ከዚያ ሁለተኛው። ሞቆ ከተጫነ በኋላም ቢያንስ 24 ሰዓት ሳያልፈው አይታጠፍም።

መፈተኛውም ቀላል ነው። ከነሶሉ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጦ፣ ጫፉን ከፍቶ በመንጠቆ ሚዛን መሳብ። ከ4 ኪሎ በታች ከተላቀቀ፣ ለሥራ ጫማ ከሚጠየቀው 4 ኒውተን በሚሊ ሜትር (በ1 ሴንቲ ሜትር 40 ኒውተን፣ 4 ኪሎ ገደማ) አልደረሰም።

ክርክሩን ለመቁረጥ አዲስ ጥንድ ተሠራ፦ ግራው እንደ በፊቱ፣ ቀኙ ተፍቆ። እግሩም ጭቃውም ምድጃውም አንድ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማወዳደሪያ የለም።

በአምስተኛው ሳምንት ይዞት መጣ። ግራው ተከፍቷል፣ የቀኙ ሶል ንቅንቅ አላለም። የሁለቱም ቆዳ ግን ማጠፊያው ላይ እንደ ደረቀ የቦርከና ጭቃ ተሰነጣጥቋል። እርጥብ ቆዳ እሳት ዳር ቶሎ ሲደርቅ ይጠጥራል፣ ይኮማተራል፣ በሚታጠፍበት ይሰነጠቃል።

«አላልኩም?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ዘበኛው ቀኙን አነሳና ሶሉን በአውራ ጣቱ ገፋ ገፋ አደረገው።

«እሳቱንስ ይኼኛው ቻለው።»