የአፈሙዝ ጥምዝና የአረር ርዝመት፦ ዘግይቶ የገባኝ ነገር

ከ100 ሜትር ተኩሼ ዒላማውን ቀርቤ ሳየው ክብ ቀዳዳ አላገኘሁም። አረሩ በጎኑ ስለመታው ቁመቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወረቀቱ ላይ አትሞታል። የቀሩትም ምቶች እንደተዘራ እህል ተበታትነዋል። ጠመንጃዬ 223 ሬሚንግተን የሚባለውን የጥይት ዓይነት የሚተኩስ ነው፤ በ3.6 ግራም (55 ግሬን) አረር ለዓመታት ስተኩስበት አሳፍሮኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን ከባድ አረር ነፋስ እንደ ልቡ አይገፋውም ሲባል ሰምቼ 5 ግራም የሚመዝነውን፣ ባለ 77 ግሬኑን አጉርሼ ነበር።

ጥፋቱን መጀመሪያ ያላከክሁት በመነጽሩ ማሰሪያ ላይ ነው፤ ብሎኖቹን ፈትቼ እንደገና አጠበቅሁ። ቀጥሎ በትንፋሼና በቃታ አሳሳቤ ላይ። አፈሙዙን መለካት ትዝ ያለኝ አንድ ፓኬት ጥይት ካለቀ በኋላ ነው።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ መዝጊያውን አወጣሁ። በመወልወያው ዘንግ ጫፍ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አድርጌ ወደ ውስጥ ገፋሁት። በአፈሙዙ ውስጥ አረሩን እያሽከረከረ ቀጥ ብሎ እንዲበር የሚያደርግ ጠመዝማዛ ቦይ አለ፤ ጨርቁ ይህን ቦይ ተከትሎ ሲሄድ ዘንጉም አብሮ ይዞራል፤ አንድ ሙሉ ዙር እስኪጨርስ የተጓዘው ርቀት የአፈሙዙ ጥምዝ ነው። የመጀመሪያው ልኬቴ የማይረባ ነበር፤ እጀታው ዘንጉን አላዞር ስላለው ጨርቁ ቦዩን ትቶ ይንሸራተታል። እጀታው በኩሽኔታ የሚዞር ዘንግ ተውሼ ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ሦስቱም ጊዜ ወደ 30.5 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ በ12 ኢንች አንድ ዙር ማለት ነው።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ግሪንሂል አንድ አረር በስንት ኢንች አንድ ዙር መዞር እንዳለበት ለማስላት እ.ኤ.አ. በ1879 ያወጣው ቀመር አለ፦ የአረሩን ውፍረት በራሱ ታባዛለህ፣ በ150 ታባዛዋለህ፣ ከዚያ ለርዝመቱ ታካፍላለህ፤ ሁሉም በኢንች። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ850 ሜትር ገደማ ሲያልፍ በ150 ፈንታ 180 ይገባል። የእኔ ከባድ አረር ውፍረቱ 0.224፣ ርዝመቱ 1 ኢንች ያህል ስለሆነ 7.5 ወጣ፤ የእኔ 12 ኢንች ለእሱ በጣም ቀርፋፋ ነበር ማለት ነው። ፈጣኑና አጭሩ 3.6 ግራም ደግሞ 12 አካባቢ። ልብ በሉ፣ በቀመሩ ውስጥ ክብደት የለም! በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ክብደት ነው እንጂ የሚወስነው ርዝመት ነው። ከመዳብ ብቻ የተሠራ አረር እርሳስ ካለበት እኩያው ስለሚረዝም ክብደቱ ቢመሳሰልም ጠንከር ያለ፣ ማለትም ባጠረ ርቀት አንድ ዙር የሚያዞር ጥምዝ ይፈልጋል።

አፈሙዙን በ8 ኢንች አንድ ዙር በሚያዞር ለወጥሁት። 7 ለምን አልሆነም? በሰከንድ 900 ሜትር የሚወጣ አረር በ7 ኢንች ጥምዝ በደቂቃ ከ300,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ስስ ልባስ ያላቸው ቀላል አረሮች ይህን አልችል ብለው አየር ላይ ሊበታተኑ ይችላሉ፤ እኔም ገና ያልጨረስኋቸው አሉኝ። 9 ደግሞ 4.5 ግራም ለሚመዝን አረር ይበቃል፤ ለ5 ግራሙ ግን ጫፍ ላይ ነው። ጫፍ ላይ መቆም አልወድም፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ስለሚል በሞቃት ቀን በቀጥታ የሄደ አረር በብርድ ሊወላገድ ይችላል። ኤም 16 የተባለው የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ጥምዝ ከ14 ኢንች ወደ 12 የተቀየረውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

አዲሱ አፈሙዝ ሁለቱንም አረሮች ክብ አድርጎ ይበሳል። ነፋሱ ግን አሁንም ይገፋል፤ ትንሽ ቀነሰ እንጂ።