አኩፓንቸር ስማር፦ ነጥብን በጣት ማግኘት

አኩፓንቸር፣ ማለትም ሰውነት ላይ በተወሰኑ ነጥቦች ቀጭን መርፌ የሚወጋበትን የቻይና ባህላዊ ሕክምና፣ መማር ከጀመርኩ ወዲህ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ስለሆነ ጡንቻና አጥንት አያስቸግሩኝም። መጽሐፉ ግን ሌላ ዓለም ነው የከፈተልኝ። ቺ (በሰውነት ውስጥ ይፈሳል የሚባለው ኃይል)፣ ዪንና ያንግ (ተቃራኒ ሆነው የሚደጋገፉ ሁለት ኃይሎች)፣ አምስቱ ባሕርያት፦ እንጨት ለጉበት፣ እሳት ለልብ፣ አፈር ለጣፊያ፣ ብረት ለሳንባ፣ ውሃ ለኩላሊት። ይሄ ማንበብና መሸምደድ ይበቃዋል። ጊዜዬን ሙልጭ አድርጎ የሚወስደው ነጥቡን በጣት ማግኘት ነው።

ዋናዎቹ ነጥቦች 361 ናቸው፤ ቺ ይሄድባቸዋል በሚባሉ 14 መስመሮች ላይ ይገኛሉ። ሁሉንም በአንዴ ለመያዝ አትሩጡ። እኔ ጥቂቶቹን ይዤ ያገኘሁት ዘመድና ጓደኛ ላይ ሁሉ እፈልጋቸዋለሁ፤ በጣት ብቻ፣ ያለ መርፌ።

መለኪያው ጹን ይባላል። አንድ ጹን የአውራ ጣት ስፋት ነው፤ አራት ጣት ሲገጠም ሦስት ጹን ይሆናል። ገበያ ላይ ጨርቅ በክንድ ሲለካ የሻጩ ክንድ ነው የሚወስነው። እዚህ ግን የሚለካው በታካሚው ጣት ነው። እኔ ከጣትም ይልቅ የምተማመነው በክፍፍሉ ነው። ከእጅ አንጓ እስከ ክርን 12 ጹን ነው፤ የሕፃንም ይሁን የጎረምሳ ክንድ 12 ቦታ ይከፈላል። ይሄ አሠራር በጣም ነው የገረመኝ።

ከጉልበት በታች ያለውን ዙሳንሊ የሚባል ነጥብ እንሞክር። ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ። ከጉልበት ሎሚ ስር፣ በውጭ በኩል፣ ጎድጎድ ያለ ቦታ ታገኛላችሁ። ከዚያ አራት ጣት ወደ ታች ውረዱ። ከቅልጥሙ ጠርዝ ደግሞ የመሃል ጣት ስፋት ያህል ወደ ውጭ ውጡ። የእግራችሁን ጣቶች ወደ ላይ ስትስቡ ጡንቻው ከጣታችሁ ስር ብድግ ይላል። እዚያ ላይ ጫን ስትሉ ከዙሪያው ለየት ያለ፣ ደነዝ የሚያደርግ ስሜት አለው። ብዙ ሰው ሳልጠይቀው «እዚህ ጋ!» ይለኛል። መርፌ ሲገባም የሚፈለገው ይህን የመሰለ ስሜት ነው፤ ዴ ቺ ይሉታል።

ኔይጓን ቀለል ይላል። ከእጅ አንጓ መስመር ሁለት ጹን ወደ ክርን፣ በሁለቱ ጅማቶች መሃል ነው። ለማቅለሽለሽ የሚታወቀው ነጥብ ይሄ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ እንደሚረዳም በጥናት ታይቷል። ስሩ ግን ሜዲያን የሚባለው ወደ መዳፍ የሚሄድ ነርቭ አለ፤ ዝም ብሎ የሚወጋ ቦታ አይደለም።

አሁን ልቤን ወደ ያዘው ነገር ልምጣ። ጀርመን ውስጥ የወገብ ሕመም ባለባቸው 1,162 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከስድስት ወር በኋላ በትክክለኛ አኩፓንቸር 47.6 በመቶው ተሻላቸው። ነጥብ ያልሆነ ቦታ ላይ ሳይጠልቅ ከተወጉት ደግሞ 44.2 በመቶው። የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 27.4 በመቶው ብቻ። መወጋቱ ጠቅሟል ማለት ነው፤ ነጥቡ ላይ መሆኑ ግን ብዙም ለውጥ አላመጣም። ታዲያ ለነጥብ ይህን ያህል መድከም ለምን?

ለእኔ መልሱ ደኅንነት ነው። ትከሻ ላይ፣ በአንገት ስርና በትከሻ ጫፍ መካከል፣ ጂያንጂንግ የሚባል ነጥብ አለ። አንገቱን ለደከመው ሰው ሁሉ እጅ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ከስሩ ግን የሳንባ ጫፍ አለ። መርፌ ከጠለቀ ሳንባ ይበሳል፤ አየር ደረት ውስጥ ገብቶ ሳንባው ሊጨማደድ ይችላል። 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነች ቀጭን መርፌ ነች ብሎ መናቅ አይቻልም። በእርግዝና ወቅትም ሄጉ (እጅ ላይ) እና ሳንዪንጂያዎ (ከቁርጭምጭሚት በላይ) የሚባሉት ነጥቦች እንዳይነኩ ትምህርቱ ራሱ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ነጥብ ሳጠና ስሩ ምን እንዳለ አብሬ እጽፋለሁ፤ ነርቭ፣ ደም ሥር፣ ሳንባ። እናንተም ደብተራችሁ ላይ ይሄን ጨምሩ።

ፈተናው ድሮም ከባድ ነበር። በ1027 እ.ኤ.አ. በቻይናው ሶንግ ሥርወ መንግሥት ዋንግ ዌይዪ የሚባል ሐኪም ነጥቦቹ ላይ ቀዳዳ ያለው የነሐስ ሰው አሠርቶ ነበር። ላዩ በሰም ይሸፈናል፣ ውስጡ ፈሳሽ ይሞላል፤ ተማሪው በትክክል ከወጋ ፈሳሹ ይወጣል ይባላል።

ቀጥሎ የምይዘው ጀርባን ነው። ከአከርካሪው መሃል አንድ ጹን ተኩል ወደ ጎን የሚወርደውን ረድፍ። አከርካሪ መቁጠር ለሚያስቸግራችሁ፦ ሰውየው እጁን በጎኑ ወደ ታች ለቆ ሲቆም የትከሻ አጥንቱ የታችኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ ከሰባተኛው የደረት አከርካሪ ትይዩ ነው። ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም ቁጠሩ። መርፌውን እዚህ ረድፍ ላይ የማነሳው መምህሬ አጠገቤ ሲኖር ብቻ ነው።