ደረሰኝ የሌለው ወጪ፦ በድሬዳዋ ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ስንሟገት የተማርነው

«የሴፍቲኔት ክፍያው ይጨመርልን» የሚል አቤቱታ አትጻፉ። የሚነበበው እስከ ርዕሱ ነው፤ መልሱም «በጀት የለም» ነው። ሥራውን ስንጀምር ይህን ብቻ የነገረን ሰው ቢኖር ብዙ ወረቀትና ብዙ የባጃጅ ሒሳብ ይተርፈን ነበር።

ችግሩ ከብሩ በፊት ከምደባው ይጀምራል። ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚከፍለው የመንግሥት ፕሮግራም፣ የከተማ ሴፍቲኔት፣ በ2009 ዓ.ም. ድሬዳዋንና ሐረርን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲነሣ፣ 84 በመቶው ተጠቃሚ በአካባቢ ልማት ሥራ፣ 16 በመቶው በቀጥታ ድጋፍ (ሥራ ሳይጠየቅ በሚከፈለው) እንዲታቀፍ ተደርጎ ነው የተነደፈው። መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን ሰው ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ካለ ቤተሰቡ ወደ ልማት ሥራው ይመደባል። ልጇን ስታነሣ፣ ስታጥብና ስታጎርስ የምትውል እናት «ጉልበት ያላት» ተብላ መጥረጊያ ይሰጣታል፤ እሷ መንገድ ስትጠርግ ልጁን ማን ይይዘዋል ብሎ የጠየቀ መልማይ አላየንም። ቀጥታ ድጋፍ ያገኘውም ቢሆን ጉዳቱ ራሱ የሚያስወጣው ወጪ አይታሰብለትም።

ስለዚህ ጥያቄውን ለሁለት ክፈሉት። ምደባው፣ የቅሬታ አሰማሙ፣ ክፍያው የሚፈጸምበት ሁኔታና ከከተማው በጀት ሊወጣ የሚችለው ድጋፍ በአንድ ደብዳቤ ለከተማው ይጻፍ። የክፍያው መጠንና ከኑሮ ውድነት ጋር መስተካከሉ በሌላ ደብዳቤ ለፌዴራል ይሂድ። አንድ ላይ ካጨቃችሁት «ከእኛ በላይ ነው» የምትል አንዲት ሐረግ ሁሉንም ትቀብረዋለች።

የሕጉን ክፍል አሳጥሩት። ሁሉም የሚጠቅሰው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41(5) ነው፤ እሱ ግን የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዐቅም ስለሚያነሣ ለባለሥልጣኑ መውጫ በር ይተውለታል። ጠንካራው በዐዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። አንቀጽ 28(2)(ሐ) በድህነት ለሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከጉዳቱ ጋር ለተያያዙ ወጪዎች የመንግሥት እገዛ እንዲደርስ ያዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ደግሞ የጸደቀን ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርገዋል። እነዚህን በአራት መስመር ጻፉና ዝለሉ። ከዚያ በላይ ሕግ ከደረደራችሁ ደብዳቤው «ለሕግ ክፍል ይመራ» ተብሎ እዚያው ያድራል።

አሁን ወዳበገነን ነገር። «ከጉዳቱ ጋር የተያያዘ ወጪ» ያለ ሰው ወጪውን ማሳየት አለበት። የየቤተሰቡን ወጪ ጽፈን፣ ደምረን፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት አቀረብን። መልሱ «ደረሰኙስ?» ሆነ። የባጃጅ ደረሰኝ! ከገንደ ቆሬ ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር ዊልቸር ጭኖ ሄዶ ደረሰኝ የሚቆርጥ ባጃጅ ካለ ያሳዩን። ውሃ የሚቀዳው ልጅ፣ ልብስ የምታጥበው ጎረቤት፣ ዓይነ ስውሩን ሐኪም ቤት ድረስ የሚመራው ወጣት ደረሰኝ የላቸውም። ጠያቂው ራሱ ጠዋት ቢሮ የገባው በባጃጅ ነው። ደረሰኝ የለም ተብሎ ወጪው እንዳልነበረ ተቆጠረ፤ ሰነዱ ያለ ፊርማ ተመለሰልን። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስለ «ተጨባጭ ማስረጃ» አስፈላጊነት ሥልጠና እንድንወስድ ተመከርን። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

መውጫው መንግሥት ራሱ ዋጋ በሚያጣራበት መንገድ ማስረዳት ነው። ወጪውን በሦስት ክምር ለዩት።

አንደኛው መጓጓዣ ነው። ደረሰኝ ሳይሆን ታሪፍ አያይዙ፤ የጸደቀውን የባጃጅ ታሪፍ ቅጂ ማኅተም ያለበትን አምጡ። ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይጭናል፤ ዊልቸር ሲገባ ሌላ ተሳፋሪ ስለማይገባ ኮንትራት ይሆናል። ታሪፉ በሰው 10 ብር ቢሆን ዊልቸር ተጠቃሚው 30 ይከፍላል ማለት ነው። የምትጠይቁት ግን 30ውን ሳይሆን 20ውን ነው። ማንኛውም ሰው የሚያወጣውን ቀንሱ፤ ካልቀነሳችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ይሆንና ሰነዱ በሙሉ ይጠረጠራል።

ሁለተኛው ዕቃ ነው። እዚህ ላይ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ቲን ቁጥርና ማኅተም ያለበት፣ ከሦስት የተለያዩ ሱቆች። የክራንች ጎማ፣ የዊልቸር ከመነዳሪና ኩሽኔታ፣ ካቴተር፣ የአዋቂ ዳይፐር፣ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ፣ አልቢኒዝም ላለበት ሰው የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ለእያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደሚያልቅና ለምን እንደሚያልቅ አንድ መስመር ጨምሩ፤ ዋጋውን ሁሉም ይጽፋል፣ ምክንያቱን የሚጽፍ የለም። የድሬዳዋ አሸዋ ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ይፈጨዋል፤ የደቻቱን ወንዝ ወለል የሚያቋርጥ ዊልቸር የፊት ጎማው ጠባብ ስለሆነ ይቀረቀራል፣ ሹካውም ይጣመማል። የጋለ አስፋልትና ኮብልስቶን የክራንች ጎማ ይበላል። ይህን ጎሚስታው ያውቀዋል፤ ሪፖርት የሚጽፈው ባለሙያ አያውቀውም። ፕሮፎርማው አዲስ ይሁን። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተጻፈ የካቴተር ወይም የባትሪ ዋጋ እናንተኑ ይጎዳል።

ሦስተኛው ጉልበት ነው፤ የምኮራበትም ይኸኛው ነው። የተንከባካቢ ሰዓት በገበያ ዋጋ ስታስሉት «ማን ነው ይህን የከፈለው?» ይባላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱ ለአንድ ቀን የልማት ሥራ በሚከፍለው ተመን አስሉት። መንግሥት መንገድ ለሚጠርግ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ ሰው ለሚያጥብ ሰው ሲሆን በዛ ማለት አይችልም። ምስክሩ የዕድር ወይም የአፎቻ (እንደ ዕድር ያለ የጎረቤት ማኅበር) ደብዳቤ ይሁን፤ ማኅተም አላቸው፣ ጎረቤቱንም ከቀበሌው በተሻለ ያውቁታል።

መዝገቡ 30 ቀን ሙሉ ይያዝ። የሐኪም ቀጠሮና የዳይፐር ግዢ በወር ስለሚመላለስ የአንድ ሳምንት መዝገብ ውሸት ይሆናል። የረመዳንንና የፋሲካን ወር ዝለሉ፣ ወጪው ይዛባል። አንዱን ዙር ደግሞ ደቻቱ በሚሞላበት ክረምት ያዙት። ቅጹ በአማርኛ ይሁን እንጂ ሰው ቤት ሄዶ የሚጠይቀው ኦሮምኛም ሶማሊኛም የሚችል ይሁን። ከሰዓት በኋላ አትሂዱ፤ ፀሐዩም አለ፣ የጫት በርጫውም አለ።

አውራ ጣት ላይ ትጉላላላችሁ። ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ያሳረፈውን የጣት አሻራ «ያልተረጋገጠ» ብሎ የሚመልስ አይጠፋም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728ንም ይጠቅስላችኋል። እሱ የሚናገረው ስለ ውል ነው፤ አቤቱታ ውል አይደለም። ገንዘብ ለሚቀበል ወኪል የሚሰጥ ውክልና ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።

«በማኅበራችሁ በኩል ብቻ ኑ» ይሏችኋል። የማኅበሩን ደብዳቤ አስገቡ፣ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ቅሬታ ለየብቻ ያስገባ። የማኅበር ደብዳቤ «አስተያየት» ተብሎ ይመሰገናል፤ የግለሰብ ቅሬታ መልስ ይፈልጋል። ሁሉም በመዝገብ ቤት በኩል ይግባ፣ ቅጂው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር ይመታ። ለኃላፊው በእጅ የተሰጠ ደብዳቤ አልተሰጠም።

ኅዳር 24፣ በአካል ጉዳተኞች ቀን፣ አቤቱታ አታቅርቡ። ካሜራ አለ፣ ቲሸርት አለ፣ ውሳኔ የለም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄያችሁ በጥር ወር መዝገብ ቤት ካልገባ የቀጣዩ ዓመት በጀት ያለ እናንተ ይዘጋጃል።

የቃል መልስ አትቀበሉ። «በጽሑፍ አይሰጥም» ካሏችሁ ውሳኔው የተመሠረተበትን ሰነድ በመረጃ ነፃነት ሕጉ፣ በዐዋጅ ቁጥር 590/2000፣ ጠይቁ፤ ሕዝብ ግንኙነቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ቅሬታ ሰሚው ጋ ከጨረሳችሁ በኋላ እንባ ጠባቂ አለ፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ማኅተም የተመታባቸውን ቅጂዎች ይዛችሁ ሂዱ።

የክፍያው መጠን አልተነካም፤ የፌዴራሉ ደብዳቤ አሁንም ፌዴራል ነው። የጉልበት ስሌቱን ያያያዙ እናቶች ግን ከመጥረጊያው ወደ ቀጥታ ድጋፍ ተዛውረዋል። ምደባ ሲቀየር ከዚያው ቀን ጀምሮ የባንክ ደብተሩን ስም ከክፍያ ዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ። «መሐመድ» እና «ሙሐመድ» በመለያየታቸው ብቻ ክፍያ ይታገዳል፤ የወሩ ዝርዝር ከተዘጋ በኋላ ማስተካከል ደግሞ ቀጣዩን ወር መጠበቅ ነው።