የአሮጌ ናፍጣ ፒካፕ አያያዝ በጎንደር፦ ያለን ብር መጀመሪያ የት ይግባ?

አሮጌዋ ቶዮታ ሃይሉክስ እጄ ከገባች ወዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ሞተሯ 5ኤል ነው፤ 3 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የለውም። በሥራ ቀን ከተማ ውስጥ ዕቃ ታመላልሳለች። ቅዳሜ ዳባት ሄዳ ድንች ጭና ትመጣለች። አልፎ አልፎ ሊማሊሞን ትወርዳለች፣ መተማም ትደርሳለች።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ያስደነግጣል። ስለዚህ ያለችንን አጥብቀን መያዝ ግድ ነው። እኔ የያዝኩት ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ማቀዝቀዣ፣ ከዚያ ንጹሕ አየርና ንጹሕ ናፍጣ። ጉልበት መጨረሻ ይምጣ።

ለምን ጉልበት መጨረሻ እንደሆነ ልናገር። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበውም በዚያው ልክ ያንሳል። ደባርቅ ስትደርሱ ይብሳል። የእኔ የናፍጣ ፖምፓ የከፍታ ማስተካከያ ስለሌለው ግን ያንኑ ናፍጣ ይረጫል። አየር ያጣው ናፍጣ በደንብ ሳይቃጠል በማርሚታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው መኪናው ዳገት ላይ ሲደክምበት “ፖምፓውን ክፈትልኝ” ይላል፤ ናፍጣ ጨምርልኝ ማለቱ ነው። የሚጨመርለት ጭስና ሙቀት ነው። አዘዞ ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ነገሩን ባጭሩ ጨረሱልኝ፦ “ልጄ፣ ይቺ የጎደላት አየር ነው፤ ናፍጣማ ሞልቷታል።” ኖዝሎቹን (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጩትን) አይተው፣ የአየር ማጣሪያውን አጽድተው፣ በመጨረሻ ፖምፓው ላይ ባለው ብሎን ናፍጣውን በትንሹ ቀነሱት። ጭሱ ቀለለ። ዳገት ስትወጣ ግን ጉልበቷ ያው ነው። ይህን ብሎን የሚያውቅ እጅ ብቻ ይንካው።

የአየር ማጣሪያ ርካሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። በጠጠር መንገድ ከሄዳችሁ በኋላ አውጡት። ስትነፉት ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፣ ንፋሱም ለስለስ ይበል። ከዚያ ውስጡን በባትሪ አብሩበት። በአንድ ቀዳዳ እንኳ ብርሃን ካለፈ፣ አቧራም ያልፋል። ጣሉት።

ማቀዝቀዣው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ አገር የሚናቅ ነገር ነው። ጎንደር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ ከዚያ የሚጠጋ ሙቀት ላይ ነው የሚሠራው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ውስጥ የታመቀው ግፊት ነው፤ ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ ያቺ ትንሽ ክዳን ናት። የእኔ ላይ 0.9 ይላል፤ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ክዳኑ በትክክል ከያዘ መፍያው ወደ 115 ዲግሪ ይደርሳል። ጎማው ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ተመልሳችሁ 93 ላይ ናችሁ። ስለዚህ መኪና ሲሞቅባችሁ ራዲያተር ከመቀየራችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩና እዩ። ሁለተኛው የወንዝና የቧንቧ ውኃ ነው። እሱ ውስጡን ኖራ ያስይዘዋል። ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል መቀላቀል ይሻላል። ሦስተኛው፣ በመኸር ወቅት የራዲያተሩን ፊት ገለባ ይደፍነዋል። ከሞተር በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውኃ ልቀቁበት። መተማ በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ጭነት ይዞ ከዚያ ወደ ጎንደር መውጣት የእነዚህ ሦስት ነገሮች ፈተና ነው።

አሁን ፍሬን። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ፔዳሉን ለሚያቀልልን የፍሬን ሰርቮ የሚሆን ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) በራሱ አይፈጥርም። በዚህ ሞተር ላይ ቫኪዩሙን የሚሠራው ዲናሞው ጀርባ ላይ ያለች ትንሽ ፖምፓ ናት። ሞተር ከጠፋ እሷም ትቆማለች፤ ፔዳሉ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለት ላይ ሞተር የሚያጠፉ ሾፌሮች አሉ። እባካችሁ፣ ይሄ የሰው ነፍስ ነው! በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) መውረድም ቢሆን አይቆጥብም። በማርሽ ስትወርዱ እግራችሁ ከናፍጣ ፔዳሉ ላይ ከተነሣ የናፍጣ ፖምፓው ናፍጣ መስጠት ያቆማል። በፎሌ ስትወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል። ሊማሊሞን ከላይ ጀምሮ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ። የፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ። ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ እርጥብ ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ፈልቶ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል።

ናፍጣው ዘንድ ስንመጣ፣ ከጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ውኃና አቧራ ይዞ ይመጣል። በጨርቅ ማጥለል አቧራውን ይቀንሳል፣ ውኃውን ግን አያስቀርም። የናፍጣ ፊልተሩ ሥር ያለችውን ብሎን አላልታችሁ የተጠራቀመውን ውኃ አፍስሱ፣ ከዚያ ከላይ ባለው የእጅ ፖምፓ አየሩን አስወጡ። ደቂቃዎች ይበቁታል፣ ፖምፓና ኖዝል ያድናል።

ማለዳ ማለዳ ደባርቅ ላይ አልነሣ ካለች የማሞቂያ ካንዴላዎቹን በቴስተር ለኩ። የሚያገናኛቸውን ብረት ነቅላችሁ አንድ በአንድ። ጤነኛው በጣም ትንሽ ኦም ያሳያል፣ የተቃጠለው ምንም አያሳይም። የሞተውን ብቻ መቀየር ይቻላል።

ማሻሻያ ከተባለ እስካሁን ያደረግኩት የኋላ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ስፕሪንግ) መደገፍ ነው፤ ለድንቹ ስል አንድ ቅጠል አስጨመርኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አትርሱ። በብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከኋላ አክሱ እስከ ሻሲው የተያያዘ የፍሬን መቆጣጠሪያ ዘንግ አለ። ጭነት ሲበዛ የኋላው አካል ዝቅ ይላል፤ ዘንጉም ያንን ተከትሎ ለኋላ ፍሬን ኃይል ይጨምራል። ባሌስትራ ስትጨምሩ መኪናው ከፍ ይልና ዘንጉ “ባዶ ናት” ብሎ የኋላ ፍሬኑን ይቀንሰዋል። ጭነት የበዛው ግን ከኋላ ነው። ስለዚህ ባሌስትራ በተጨመረ ቁጥር ዘንጉም እንደገና ይስተካከል። ጋራዥ ውስጥ እናንተ ካላነሣችሁት ማንም ላያነሣው ይችላል።

ቀጥሎ ያለው የታይሚንግ ቺንጋ ነው፤ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር አናብቦ የሚያሠራው ቀበቶ ማለት ነው። መቀየሪያው 100,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፣ ግን ያገለገለ መኪና ቆጣሪ አያስተማምንም። ሞተሩ እየሠራ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይከፈታል። ብሩን የማጠራቅመው ለእሱ ነው። ቺንጋውን ስቀይር የመወጠሪያውን ኩሽኔታና የፊት ዘይት ማኅተሞቹንም አብሬ አስቀይራለሁ፣ የጉልበት ክፍያው አንድ ስለሆነ። ጎንደር ውስጥ ኦሪጅናሉን ያገኘ ካለ፣ ከየት እንደገዛና እንዴት እንደለየው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።