ከትኬቱ ጀርባ

ትናንት ማታ ካፖርቴን ስሰቅል ኪሱ ውስጥ አንድ የፓርኪንግ ትኬት አገኘሁ። ጀርባው ላይ የአስር የቤዝቦል ሰዎች ስም ተጽፏል። አምስቱ በእኔ እጅ፣ አምስቱ በሽማግሌው እጅ። የእሳቸው ፊደል ትልልቅና ትንሽ የሚንቀጠቀጥ ነው። የመጀመሪያውን ስም ሁለት ጊዜ አስምረውበታል፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው። ከርት ፍለድ ይላል። ስሙ ሌሊቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው ይሄን የምጽፈው።

ዲሲ መሀል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነኝ። ሽማግሌው የሕንጻው ጥበቃ ናቸው። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፣ ሰባዎቹን አጋምሰዋል፣ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ከተማ ነው። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ግን ስለ እሳቸው ስጽፍ አንተ ለማለት እጄ እሺ አይለኝም። ቤዝቦል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በፈረንጆቹ 2019 ጥቅምት ላይ የዲሲው ቡድን ናሽናልስ ዋንጫውን ሲወስድ ጠባቧ የካሸር ክፍል ውስጥ ማሞቂያዋን መሀላችን አድርገን በስልካቸው ነበር ያየነው። እስከዚያ ድረስ ቤዝቦል ለእኔ ሰው ቆሞ የሚውልበት ጨዋታ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለቀቅ አላደረገኝም።

በየዓመቱ ጥር ሲደርስ እኔና እሳቸው እንከራከራለን። የክርክሩ ርዕስ አንድ ነው፦ የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የዝና አዳራሽ መግባት ያለበት ማን ነው? አዳራሹ ያለው ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ኩፐርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ድምፅ የሚሰጡት አስር ዓመትና ከዚያ በላይ በቤዝቦል ጸሐፊዎች ማኅበር አባልነት የቆዩ ጋዜጠኞች ናቸው። ተጫዋቹ ጫማ ከሰቀለ አምስት ዓመት ያልፈዋል፣ ከዚያ ስሙ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ አንድ ጋዜጠኛ ቢበዛ አስር ስም ይመርጣል፣ ለመግባት ከመቶ 75 ያስፈልጋል። አስር ዓመት ሞክሮ ካልሆነለት ከዝርዝሩ ይወጣል። እኛም አስሯን ከዚያ ነው የወሰድናት። ማን ዝርዝር ውስጥ አለ ማን የለም ግን አንልም፣ ውጭ የቀረውን ሁሉ እንጽፋለን።

እኔ ያስቀደምኩት ባሪ ቦንድስን ነው። 762 ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) መትቶ፣ በ2001 በአንድ የውድድር ዘመን ብቻ 73 አግብቶ፣ ሰባት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ውጭ የቀረ ሰው ነው። በ2022 በጋዜጠኞቹ ድምፅ የመጨረሻ ዕድሉ ላይ ያገኘው ከመቶ 66 ነው። ምክንያቱ አበረታች ቅመም ነው። እሺ፣ ጥፋት ነው፣ እኔም ጥፋት ነው እላለሁ። አገሬ ሩጫ ወዳድ ስለሆነች አበረታች ቅመም የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ግን ቤዝቦል በዚያ ዘመን ቅመሙን እያየ ዝም ብሎ ገንዘቡን ሰብስቧል። የዚያ ዘመን ኮሚሽነር በድ ሴሊግ በ2017 አዳራሹ ገብቷል። አለቃው በክብር ገብቶ ሠራተኛው በር ላይ የሚቀርበት ነገር አይዋጥልኝም። ይሄን ሁሉ ትንፋሽ ሳልወስድ ነገርኳቸው።

ሽማግሌው አላቋረጡኝም። ጨርሼ ዝም ስል ትኬቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ልጄ፣ ቦንድስ የተከለከለው ክብር ነው» አሉኝ። «ይሄ ሰውዬ ግን ሕይወቱን ነው የሰጠው።»

ከዚያ የፍለድን ነገር ነገሩኝ። ስሙን ከዚህ በፊት ሰምቼው ነበር፣ ታሪኩን ግን እንዲህ ቁጭ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከርት ፍለድ በሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ አስራ ሁለት ዓመት ተጫውቷል። ሴንተር ፊልደር፣ ማለትም ከሜዳው ጥልቅ መሀል ላይ ቆሞ ኳስ የሚቀልብ ነበር፤ ከ1963 እስከ 1969 ድረስ በተከታታይ ሰባት ጊዜ ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት የተሸለመ። በ1964 እና በ1967 ከቡድኑ ጋር ዋንጫ በልቷል። በ1969 ጥቅምት ላይ ለፊላደልፊያ እንደተለወጠ በስልክ ነገሩት። በቃ፣ በስልክ። ማንም አልጠየቀውም። በዚያን ጊዜ ውሉ ቢያልቅም ተጫዋቹ የቡድኑ ንብረት ሆኖ ይቀራል፤ ወይ የያዘው ቡድን ጋር ይጫወታል፣ ወይ ወደላኩት ይሄዳል፣ ወይ ጨዋታውን ይተዋል። አራተኛ መንገድ አልነበረም።

ፍለድ እምቢ አለ። በገና ዋዜማ ለኮሚሽነሩ ለቦዊ ኩን ደብዳቤ ጻፈ፤ ፈቃዴ ሳይጠየቅ የምሸጥ የምለወጥ ዕቃ አይደለሁም አለ። ያኔ በዓመት 90,000 ዶላር ይከፈለው ነበር፣ ለዘመኑ ትልቅ ገንዘብ ነው። ይሄን ያህል እየተከፈለህ ስለ ባርነት ታወራለህ ወይ ሲሉት፣ ጥሩ የሚከፈለው ባሪያም ያው ባሪያ ነው ብሎ መለሰ።

እዚህ ላይ ሽማግሌው ወሬያቸውን አቆሙና አዩኝ። ፊቴ ተለውጦ ነበር መሰለኝ።

አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ሦስት ዓመት አረብ አገር ሠርቻለሁ። ማዳም ፓስፖርቴን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር፣ ቁልፉ ከአንገቷ አይወርድም። ቡና ስቀዳላት ጎንበስ ስል ቁልፉ ዓይኔ ፊት ይወዛወዛል። ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ቀን ጠዋት «ሻንጣሽን ያዢ» ተባልኩ። ለእህቷ ሰጥታኝ ነበር። ለስንት ቀን፣ በምን ሥራ፣ በምን ደመወዝ፣ የነገረኝ የለም። ሌላ ቤት ልግባ ብል ያለ እሷ ፈቃድ አይሆንም፣ ሕጉ ራሱ እንደዚያ ነው። ወይ የተላክሽበት ትሠሪያለሽ ወይ አገርሽ ትገቢያለሽ። እናቴ ቤት ጣሪያው እየፈሰሰ የት እገባለሁ? ሄድኩ።

የፍለድ ደመወዝና የእኔ ደመወዝ አይገናኙም፣ አውቃለሁ። እሱ በዋንጫ የተሸለመ ኮከብ ነበር፣ እኔ ወለል ወልዋይ። ግን ያቺን የጠዋት ስሜት አውቃታለሁ። ሰው ስለ አንቺ ተነጋግሮ ጨርሶ አንቺ መጨረሻ ላይ የምትሰሚበት ስሜት። እኔ እምቢ አላልኩም። እሱ አለ። ልዩነታችን ይሄ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያሳደረኝም ይሄው ነው።

እምቢታው ብዙ አስከፍሎታል። ክስ መሠረተ፣ የ1970ን ውድድር ሙሉ በሙሉ አልተጫወተም። የትልቁን ሊግ በር ለጥቁሮች የከፈተው ጃኪ ሮቢንሰን መጥቶ መሰከረለት፣ ሀንክ ግሪንበርግም መሰከረለት። ሁለቱም ግን ከጨዋታ ከወጡ ቆይተዋል። በጊዜው ሜዳ ላይ ከነበሩት ተጫዋቾች አንድም ሰው ችሎቱ ላይ አልተገኘም። ይሄን ሲነግሩኝ የሽማግሌው ድምፅ ዝቅ አለ። ፈርተው ነው፣ ልጆች አሏቸው፣ ይገባኛል፤ ግን ለእነሱ ብሎ የቆመ ሰው ዞር ብሎ ባዶ ወንበር ሲያይ ምን ተሰምቶት ይሆን?

በ1971 እዚሁ ዲሲ መጣ፣ ለያኔው የከተማው ቡድን ለሴኔተርስ። ሽማግሌው ያኔ ወጣት ነበሩ፣ ሚያዝያ ላይ አርኤፍኬ ስታዲየም ገብተው አይተውታል። «እግሩ ነበረ፣ ልቡ አልነበረም» ነው ያሉኝ። 13 ጨዋታ ተጫውቶ ጥሎ ሄደ፣ ከአገርም ወጣ። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 ፈረደበት። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ደግሞ፣ በ1975 መጨረሻ፣ በሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ጉዳይ አንድ ገላጋይ ዳኛ ያንን ሰንሰለት በጠሰው። ተጫዋቾች ውላቸው ሲያልቅ ወደፈለጉበት መሄድ ጀመሩ። ሁዋን ሶቶን እኛ ዲሲዎች እንወደዋለን፣ በ2019 ዋንጫውን ካመጡልን ልጆች አንዱ ነው። በ2024 መጨረሻ ከኒውዮርኩ ቡድን ከሜትስ ጋር የ15 ዓመት የ765 ሚሊዮን ዶላር ውል ተስማማ። ያንን በር መጀመሪያ በትከሻው የገፋው ፍለድ ነው። እሱ ራሱ ግን ከዚያ በር ምንም አላገኘም።

አሁን ኩፐርስታውን ማን እንዳለ ልንገራችሁ። ደብዳቤው የተጻፈለት፣ ክሱ በስሙ የሚጠራው ኮሚሽነር ቦዊ ኩን በ2008 ገብቷል። ከፍለድ ጎን የቆመው የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ማርቪን ሚለር ዘግይቶም ቢሆን፣ ከሞተ በኋላም ቢሆን፣ በ2021 ገብቷል። ፍለድ እምቢ ባለው ልውውጥ ከፊላደልፊያ ወደ ሴንት ሉዊስ የሄደው ዲክ አለን እንኳ በ2025 ገብቷል፣ ደግሞም ይገባዋል። የተከሰሰው ሰውዬ አለ፣ የደገፈው አለ፣ የተለወጠበትም አለ። የነገሩ ባለቤት የለም። ይሄን ስሰማ ትኬቱን ከእጃቸው ወስጄ የቦንድስን ስም ሁለተኛ አደረግኩት።

ቁጥሩ አይበቃም የሚሉ አሉ፣ ክርክራቸውን አልንቅም። 1,861 ሂት (መቺውን ቤዝ ላይ የሚያደርስ ምት)፣ 85 ሆም ረን፤ ኩፐርስታውን ካሉት ጋር ሲተያይ ያንሳል። ያኔ ገደቡ 15 ዓመት ነበርና ጋዜጠኞቹ 15 ዓመት ሙሉ ስሙን አይተው ከመቶ ከ16 በላይ ሰጥተውት አያውቁም። ግን ሰውዬው ያንን ደብዳቤ ሲጽፍ ገና 31 ዓመቱ ነበር። ዝም ብሎ ፊላደልፊያ ቢሄድ አራት አምስት ዓመት ይጨምር ነበር፣ ሂቱም ይጨምር ነበር። የጎደለውን ቁጥር የበላው እምቢታው ነው። ታዲያ ያንን ጉድለት መልሶ እሱ ላይ መቁጠር እንዴት ነው ፍርድ የሚሆነው?

ሽማግሌው በዚህ ብቻ አልተዉኝም። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለውን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማያውቅ የዲሲ አበሻ የለም፤ ከዩ ስትሪት እነዚያ የእኛ ምግብ ቤቶች ካሉበት በእግር ይደረሳል። እኔም ስንቴ ሰው ልጠይቅ ገብቼበታለሁ። ለካ ድሮ ግሪፊዝ ስታዲየም የነበረው እዚያ ነው። ጥቁሮች ከነጮቹ ሊግ በተከለከሉበት ዘመን የጥቁሮቹ ቡድን ሆምስቴድ ግሬይስ እዚያ ይጫወት ነበር፣ የሽማግሌው አባት የቡድኑን ኮከብ ጆሽ ጊብሰንን እዚያ አይተዋል። ኳሱ ከዱላው ሲወጣ ድምፁ የተለየ ነበር ይሉ ነበር አሉ። ጊብሰን በ1947 በ35 ዓመቱ ሞተ፣ ጃኪ ሮቢንሰን ትልቁ ሊግ ሊገባ ሦስት ወር ሲቀረው። በ1972 አዳራሹ አስገባው። የጥቁሮች ሊጎች ቁጥር ከትልቁ ሊግ መዝገብ ጋር የተቀላቀለው ግን በ2024 ነው፤ ያኔ 0.372 የሆነው የመምታት አማካዩ እስከዚያ አንደኛ ከነበረው ከታይ ኮብ በልጦ አንደኛ ሆነ። በሞተ በ77 ዓመቱ። ቁጥር ቁጥር እያልኩ ስከራከር የከረምኩት እኔ ይሄን ሳስብ ዝም አልኩ። ቁጥሩ ድሮም ነበረ፣ የሚቆጥርለት ነው የጠፋው።

ቤት ገብቼ አንድ ነገር ፈለግኩ። ጊብሰን የሞተው በፈረንጆቹ ጃንዩወሪ 20 ቀን 1947 ነው። ፍለድ የሞተው ጃንዩወሪ 20 ቀን 1997፣ ጊብሰን ከሞተ ልክ ከሃምሳ ዓመት በኋላ። በእኛ ሁለቱም ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ። ታቦተ ሚካኤል በእልልታ ወደ መንበሩ በሚመለስበት ቀን። ትርጉም ልስጠው አልልም፤ ግን ትኬቱን ይዤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብዙ ቆሜያለሁ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ያን ቀን ጧፍ ሳበራ ሁለቱንም አስባቸዋለሁ።

ከ1980 በፊት የነበሩትን የሚያይ 16 ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ አለ፣ 12 ድምፅ ይበቃል። ፍለድ አሁን የሚገባው በዚያ በኩል ብቻ ነው። ሽማግሌው ይሄን ሳላይ አልሞትም ይላሉ። እኔም አብሬያቸው ማየት እፈልጋለሁ፣ ኩፐርስታውን ድረስ እኔ ነድቼ እወስዳቸዋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ትኬቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከመታወቂያዬ ጋር አስቀምጬዋለሁ። ሐሙስ ፈረቃችን አንድ ላይ ነው። ፒት ሮዝ ላይ ገና አልተስማማንም። እሳቸው ተጫዋችና አሠልጣኝ በጨዋታ ላይ ከተወራረደ 4,256 ሂትም ቢኖረው በሩ ይዘጋበት ነው የሚሉት፤ እኔ ደግሞ በ2024 ሞቷል፣ በ2025 እገዳውም ተነስቶለታል፣ ከሞተ ሰው ጋር ምን ያጣላናል ባይ ነኝ።