አሞራ ገደል የሚጣለው ቆዳ

ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በጠዋት የደረሰ ሰው ፊሌቶ አውጪዎቹን ማየት አለበት። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በጎኑ አስተኝተው ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፤ ከዚያ ከጭራው በኩል ቢላውን በሥጋውና በቆዳው መሃል ያስገቡና አንድ ጊዜ ሲስቡት ቆዳው ሳይቀደድ ይላቀቃል። ሥጋው ወደ ፌስታል፣ ቆዳው ከአንጀቱና ከአጥንቱ ጋር ወደ መሬት። የተረፈውን አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ይለቅመዋል። በዐቢይ ጾም ገበያው ሲደራማ ክምሩ ሌላ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። ለዓመታት የሠራሁት በቃጠሎ ክፍል ሲሆን፣ ከሚመጡት አብዛኞቹ ሕፃናት ናቸው፤ የፈላ ውሃ ወይም የወጥ ድስት የተገለበጠባቸው። ቁስሉን ቅባት ቀብተን በጎዝ እንሸፍነዋለን። ጎዙ ግን ቁስሉ ላይ ይደርቃል፤ በሳላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) አርሰን ቀስ ብለን ስናነሳው እንኳ ገና የበቀለውን ስስ ቆዳ ይዞ ይመጣል። ነገም እንደዚያው። የድሬሲንግ (የቁስል መሸፈኛ) ጋሪው ድምፅ ሲሰማ ልጆቹ ገና ሳንነካቸው ያለቅሳሉ።

ብራዚል ፎርታሌዛ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ለዚህ ስቃይ መልስ ያገኙት ከቆሮሶ ቆዳ ነው። ዝርያው የእኛው የናይል ቲላፒያ ነው። ቆዳው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን የሞላበት ስለሆነ ቁስሉ ላይ በደንብ ይጣበቃል፣ እርጥበቱንም ይይዛል። መካከለኛ ቃጠሎ ላይ ለቀናት ሳይነሳ ይቆይና ከሥሩ አዲስ ቆዳ ሲወጣ ደርቆ ይላቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሰደድ እሳት መዳፋቸው የተቃጠለ ድቦችም የታከሙት በዚሁ ነው። አይስላንድ ውስጥ ከኮድ ዓሣ ቆዳ የቁስል መሸፈኛ የሚሠራውን ኬሬሲስ የተባለ ኩባንያ ደግሞ የዴንማርኩ ኩባንያ ኮሎፕላስት እ.ኤ.አ. በ2023 እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ገዝቶታል።

አደራ፣ ይህን አንብቦ ከገበያ ያመጣውን ቆዳ ቁስል ላይ የሚያደርግ እንዳይኖር። ጥሬ ቆዳ ቁስሉን ይመርዘዋል። ቅርፊቱ ተነስቶ፣ በፀረ ተህዋስያን ታጥቦ፣ ግሊሰሮል ውስጥ ተነክሮ፣ በመጨረሻም በጨረር ከጀርም ጸድቶ ነው ታማሚ ጋ የሚደርሰው። ለተቃጠለ ልጅ ደግሞ የመጀመሪያው እርዳታ ያው የቧንቧ ውሃ ነው፤ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ። የጥርስ ሳሙናም፣ ቅቤም አይቀባም።

የጎደለን የማጽጃውና የጨረሩ ሥራ ነው እንጂ ቆዳውማ በየጠዋቱ እየተጣለ ነው። ሐዋሳ ላይ ዓሣ የሚያጠኑም ቁስል የሚያክሙም አሉ፤ አንድ ላይ ቢቀመጡ ደስ ይለኛል። በዚህ ላይ መሥራት የሚፈልግ ተመራማሪ ካለ ይጻፍልኝ፤ ከፊሌቶ አውጪዎቹ ጋር እኔ አገናኘዋለሁ።