ቀበና ያየሁት ቤትና የጋራው ጉድጓድ

ነሐሴ 2016 ዓ.ም.

ቀበና ያለውን ቤት ለአራተኛ ጊዜ አይቼው ከተመለስኩ ሦስት ቀን ሆነኝ። እስካሁን በየወረቀቱ ጠርዝ የጫርኩትን አሰባስቤ ካላሰፈርኩት፣ የወደድኩትን እያስታወስኩ የፈራሁትን እንደምረሳ ስለማውቅ ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁሉንም ከመጀመሪያው ልጽፈው ተቀመጥኩ። ባለቤቴ «ኮንዶሚኒየም ብንፈልግ ኖሮ ይኼኔ ገብተን ነበር» ይላል፤ አልተሳሳተም። እኔ ግን ያደግኩት በረንዳ ባለው የጭቃ ቤት ነው፤ የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መስማት ሁልጊዜ ይናፍቀኛል፤ ይህ ናፍቆት ዓይኔን ሊጋርደው እንደሚችልም አላጣሁትም።

መጀመሪያ ያየሁት በሰኔ መግቢያ፣ ዝናቡ ገና ሳይጠነክር ነው። ደላላው ሆን ብሎ ይሁን በአጋጣሚ፣ የወሰደኝ ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ ስለነበር ፀሐይዋ በበረንዳው በኩል ገብታ የጣውላውን ወለል ወርቅ አስመስላዋለች። ቤቱ በጃንሆይ ዘመን የተሠራ ነው፤ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ያረፈ፣ ግድግዳው በባሕር ዛፍና በጭቃ የቆመ፣ አራት ክፍል ያለው፣ ኮርኒሱ ከራስ በላይ ርቆ የተሰቀለ። በየክፍሉ የአዲስ ቀለም ሽታ ነበር። ደላላው «እህቴ፣ ይኼ ቤት ሳምንት አይቆይም፤ ቀብድ ጣል አድርጊና ዕረፊ» አለኝ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግ እንዳለበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 ከደነገገ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ እኔም ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሆኖም በዚያች ሰዓት ቦርሳዬን ለመክፈት ምንም አልቀረኝም ነበር። ያዳነኝ ሕጉን ማወቄ ሳይሆን ገንዘብ ይዤ አለመውጣቴ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ የአባቴን ቤት ሲያድሱ የማውቃቸውን አንድ ሽማግሌ አናጢ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ወደ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቤቱን ከውጭ ዞሩት። የበረንዳውን ምሰሶዎች ግርጌ በካቻቢቴ እየወጉ ሲሞክሩ ሁለቱ አልበገር አሉ፤ በሸለቆው በኩል ያለው ሦስተኛው ግን ብረቱን እስከ እጀታው ዋጠው። ከዚያ ግድግዳውን በጣታቸው እያንኳኩ ሄዱ። አንዳንዱ ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ግን እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል፤ እንዲህ ሲጮኽ ምርጊቱ ከእንጨቱ ለቋል ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። ቱንቢያቸውን ከጣሪያው ሥር ሲያወርዱ በሸለቆው በኩል ያለው ግድግዳ በሦስት ሜትር ቁመት ውስጥ አራት ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ማዘንበሉ ታወቀ። ያን ያህል ዘመሞ በዓይን አለማየቴ ገርሞኛል፤ ከበረንዳው ሆኜ ያየሁት ጀንበሩን ብቻ ኖሯል።

እኔ የፈራሁት ምስጡን ነበር፤ ጋሼን ያስቆጣቸው ግን ሲሚንቶው ነው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ቢያገኘው ቀስ ብሎ መልሶ ያተነዋል፤ ጣሪያው እስካላፈሰሰ፣ ግርጌውም እስካልራሰ ድረስ ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ሊቆም ይችላል። በዚህ ቤት ግን አንድ ጊዜ ውጭውን ያምራል ብለው በሲሚንቶ ለስነውታል። ጭቃና ሲሚንቶ በሙቀትና በእርጥበት እኩል ስለማይላወሱ ልስኑ ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ውስጥ ያለውን ባሕር ዛፍ ማንም ሳያየው ያበሰብሰዋል። በዚህ ላይ ከጣውላው ሥር አየር እንዲዘዋወር በድንጋይ መሠረቱ ላይ የተተዉትን ቀዳዳዎች አይጥ እንዳይገባ በሚል ደፍነዋቸዋል። «የሠሩት ሰዎች ዐውቀው የተዉትን ነው እኮ የደፈኑት» አሉ ጋሼ፣ ቀዳዳው የነበረበትን ቦታ በእግራቸው እየጠቆሙ። አንድ የላላ ጣውላ ብድግ ሲያደርጉ የወጣው ሽታ የቀለሙን ሽታ አስረሳኝ። የጣሪያው ቆርቆሮ በበኩሉ ከጠበቅሁት የተሻለ ነበር፤ በጥቂት ቦታ ሚስማሩ ከመላላቱና አሸንዳው በአንድ ወገን ከመውደቁ በቀር የሚያስፈራ ነገር አልተገኘበትም።

ሦስተኛውን ጉብኝት ለደላላው አልነገርኩትም። በሐምሌ አጋማሽ፣ ከቀትር በኋላ ዶፉ ሲወርድ ታክሲ ይዤ ሄድኩና ከግቢው ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ታዛ ቆምኩ። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ የተዘረጋች ከተማ ስለሆነች ላይ የዘነበው ሁሉ ታች ባለው ሰው ደጅ ማለፉ አይቀርም፤ ለገዢ የሚያስጨንቀው በየት በኩል ያልፋል የሚለው ነው። የመንደሩ መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍለት ከፍ ብሎ የግቢው በር ከመንገዱ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ቀርቷል። ጎረቤቶቹ አፈር የተሞላ ማዳበሪያ ደጃፋቸው ላይ ደርድረው ውኃውን ያዞሩታል፤ የሚያዞሩት ግን ወደዚህ ቤት ነው። ውኃው በበሩ ሥር ገብቶ፣ በአጥሩ ጥግ ታጥፎ፣ በትክክል ያን የዘመመ ግድግዳ እግር እያጠበ ወደ ወንዙ ሲወርድ አየሁ። ቱንቢው በሴንቲ ሜትር የነገረንን ነገር ዝናቡ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ምክንያቱን ነገረኝ። ዘመሞው የእርጅና ብቻ ቢሆን ግድግዳውን አቅንቶ ማረፍ ይቻል ነበር፤ ከመንገዱ የሚመጣ ከሆነ ግን ቦይ ሳይቀደድና ከጎረቤት ጋር ሳይስማሙ ግድግዳውን ማደስ ገንዘብን ወንዝ ውስጥ መጣል ነው።

ባለሱቁ የቀበና ወንዝ በበጋ እንደሚሸት ሳልጠይቀው ነገረኝ። ስለ ውኃ ፈረቃው መጠየቅም አላስፈለገኝም፤ በየጣሪያው የተሰቀለው ሮቶ በቂ መልስ ነበር። እዚያ በቆምኩበት አንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሰው በየተራ እየመጣ «ማንን ፈልገሽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በጊዜው ተበሳጭቼ ነበር፤ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ልጆቼ ከትምህርት ቤት ብቻቸውን ሲመለሱ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ያለበት መንገድ እንዲጠብቃቸው እንደምፈልግ ገባኝ። ይህን በየትኛው ሚዛን እንደምመዝነው እስካሁን አላወቅሁም፤ ጋሼ በቆጠሩት የጥገና ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝን ነገር ያገኘሁት ግን በአራተኛው ጉብኝት ነው። ደላላው ገና ከመጀመሪያው «ከኋላ ሰርቪስ አለው፣ ተከራይ ነው ያለበት፣ ይወጣሉ» ብሎኝ ነበር። በዚህኛው ቀን ሻጮቹ ካርታውን እንዲያሳዩኝ አጥብቄ ጠየቅሁ፤ ንድፉን ሳየው የግቢው መስመር ከኋላ ሰርቪሱን ትቶ ያልፋል። እነዚያ ሁለት ክፍሎች የሻጮቹ አይደሉም፤ የቀበሌ ቤት ናቸው። ነገሩ ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣ ነው። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ፈቀደ፤ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የሻጮቹ እናት ትልቁን ቤት መርጠው ሲይዙ ሲያከራዩት የነበረው ሰርቪስ ትርፍ ተባለ። በወረቀት ላይ ግቢው ተከፈለ፤ መሬት ላይ ግን በር፣ መተላለፊያና የሽንት ቤት ጉድጓድ እስከ ዛሬ አንድ ናቸው። ተከራዮቹ የሻጩ ተከራዮች ስላልሆኑ ሻጩ ሊያስወጣቸው አይችልም፤ እኔም ብገዛ አልችልም። ደላላው ይህን የማያውቅ አይመስለኝም።

ከሁለቱ ክፍሎች በአንዱ የሚኖሩት እማማ በሩ ላይ ቆሜ ሲያዩኝ «ግቢ ልጄ፣ ቡናው ሁለተኛው ነው» ብለው አስገቡኝ። እዚህ ግቢ አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጆቻቸውን የዳሩት ከዚሁ ነው። ቤቱን ልግዛ እያሰብኩ እንደሆነ ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም፤ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጉድጓዱን ስናስመጥጥ ድርሻሽን ትከፍያለሽ?» ከዚያ የቀረውን ሁሉ ሳልጠይቅ ነገሩኝ፤ መጣጭ መኪናው በጠባቡ መንገድ ስለማይገባ ረዥም ቱቦ ያለው እስኪገኝ እንደሚጠበቅ፣ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ቶሎ እንደሚሞላ፣ ሟቿ የቤቱ እመቤት የሁለት ሰው ድርሻ ይከፍሉ እንደነበር፣ ልጆቻቸው ግን ከቀብራቸው ወዲህ አንድም ጊዜ እንዳልከፈሉ። ጋሼ ቤቱን፣ ካርታው ይዞታውን ነግረውኛል፤ ግቢው እንዴት እንደሚኖርበት የነገሩኝ ግን እማማ ናቸው። እኔም ሁለት ወር ሙሉ ሳመዛዝን የነበረው ለብቻዬ የማይሆንን ቤት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

የወረቀቱ ጉዳይ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ወራሾቹ አራት ናቸው፤ አንዷ ሜሪላንድ ስለሆነች ውክልናዋ ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲ ተረጋግጦ መጥቶ እዚህ እስኪመዘገብ ሌሎቹ ሦስቱ ቢፈርሙም ሽያጩ ሙሉ አይሆንም። ቤቱ ነባር ይዞታ ነው፣ ማለትም ቦታው ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ነው፤ ይሁንና የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን የሚተላለፍ ነባር ይዞታ በሊዝ ሥርዓት እንዲያዝ ስለሚል፣ እነርሱ የያዙበት ሁኔታ ለእኔ አይተላለፍም፤ ዋጋውን የጠሩት ግን ነባርነቱን አብረው እንደሚሸጡ አድርገው ነው። በዚህ ዓመት ደግሞ ፒያሳ አካባቢ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ያየ ሰው የድሮ ሰፈር ቤት ሊገዛ ሲነሣ ስለ ኮሪደር ልማት ሳይጠይቅ አይቀርም። ቢፈርስ ካሣው የሚሰላው በላዩ ባለው ንብረት እንጂ ቦታው በገበያ በሚያወጣው ዋጋ አይደለም፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። ወረዳ ሄጄ የመሬት አጠቃቀሙን ጠይቄያለሁ፤ በጽሑፍ እስኪሰጡኝ በቃል የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም።

ጋሼ የጥገናውን ወጪ በእርሳስ ነበር የጻፉልኝ። ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደውዬ ስጠይቃቸው «ላጲስ አለሽ አይደል?» ብለው ሳቁ፤ የቆርቆሮውን፣ የሚስማሩንና የቀለሙን መስመር እንዳጠፋቸው፣ የጭቃውንና የጭዱን ግን እንድተወው ነገሩኝ። ባለቤቴም ይህን ሰምቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤቱ ፈገግ አለ።

ትናንት ለሻጮቹ ዋጋዬን ነገርኳቸው፤ ከጠየቁት በጣም ያነሰ ነው። ቦዩን፣ የዘመመውን ግድግዳና የምሰሶውን ወጪ አንድ በአንድ ዘርዝሬ አሳየኋቸው፤ የእህታቸው ውክልና ሳይመጣ፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩም ሳይረጋገጥ አንድ ብር እንደማልከፍል ጨመርኩ። ታላቅየው ተቆጣ፤ ታናሽየው እንነጋገር አለ። ደላላው ሌላ ገዢ እንዳለ ነገረኝ፤ ሰኔ ላይም ነበረው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እማማ ደወሉ። መጣጩ መኪና ለቅዳሜ ተገኝቷል፤ ገንዘቡን ከየቤቱ እየሰበሰቡ ነው። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ልቁጠርሽ ወይስ ልተውሽ?» አሉኝ። እስከ ዐርብ እነግርዎታለሁ አልኳቸው።